ባሌ የሁለት ሰዓቱን ዜና ማየት አቆመ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የምሠራ የቴሌቪዥን ሪፖርተር ነኝ። የጣቢያዬን ስም እንዳይጠቅሱብኝ አደራ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። አንዲት ሴት ልጅ አለችን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሱ ሙስሊም ነው፤ ለወሎ ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም። ስንጋባ የእኔ ወገን ሲያንገራግር ነገሩን ያለዘቡት አማቴ ናቸው። ለእኔ ዘመዶች የሚሆን ድስትና ቢላ ቤታቸው ውስጥ ለብቻው አስቀምጠዋል። በ2014 ከተማው ሲያዝ እኔ የተፈናቃዩን ዜና እየሠራሁ ከባልደረቦቼ ጋር ስወጣ፣ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትለውን ልጄን አዝለው ወደ ቃሉ ገጠር የሸሹትም እሳቸው ናቸው።

ከጥቂት ወራት በፊት በጠዋት ስብሰባ አንድ ስምሪት ደረሰኝ። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው አገልግሎቱን ሳያገኙ ወራት ስላለፋቸው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የባሌ ታናሽ ወንድም እዚያ ይሠራል። ለአለቃዬ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። አንዱ ባልደረባችን ፈቃድ ላይ ነበር፣ ሌላዋ ወገልጤና መስክ ወጥታለች፤ የሚተካኝ ሰው አልነበረም። ደግሞም ዋርሳዬ ያለው መዝገብ ቤት ነው፣ ከቅሬታው ጋር አይገናኝም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ተገልጋዮቹን አነጋገርኩ፣ ኃላፊውን አነጋገርኩ፣ ሰነዱን አየሁ። ዜናው እውነት ነው።

ሲተላለፍ ግን «በሠራተኞች ቸልተኝነት ለእንግልት ተዳርገናል ይላሉ» በሚለው ድምፄ ላይ የገባው ምስል፣ ዋርሳዬ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሻይ ሲጠጣ የሚያሳይ ሆነ። ኤዲት ሲደረግ አብሬ አልነበርኩም፤ ልጄን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ወጥቼ ነበር። በማግስቱ ግምገማ ላይ ስሙ ተነሳ፣ ቆይቶ ከክፍሉ አነሱት። ክሊፑ እስካሁን ፌስቡክ ላይ አለ። አማቴ ዜናውን ያዩት ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ ሳለ ነው። ዘንድሮ ለአረፋ አልጠሩኝም። «ማን እንደጠቆማት ትንገረንና እርቅ ይውረድ» ብለው ሰው ልከውብኛል።

ባሌ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ድሮ ስክሪፕቴን ከእኔ ቀድሞ የሚያነብ ሰው ነበር፤ አሁን የሁለት ሰዓቱ ዜና ሲጀምር ተነስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። ውጪ ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ማህተም ያለበት ማመልከቻ ይዘረጋልኛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጣቢያ ሥራ አቅርቦልኛል። ልሂድ? ወይስ ይቅርታ ልጠይቅ? እውነት ለሆነ ዜናስ እንዴት ተብሎ ነው ይቅርታ የሚጠየቀው?

ሀ. ከደሴ


እህቴ ሀ.፣

ደብዳቤሽን አዝኜ ነው ያነበብኩት፤ ለአንቺም፣ ሻይ ሲጠጣ ለተቀረጸው ወንድማችሁም። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ለዜናው ይቅርታ አትጠይቂ። ለምስሉ ግን ሳትቀንሺ፣ ሳታድበሰብሺ ጠይቂ። ሁለቱ በአንቺም በቤተሰቡም ልብ ውስጥ አንድ ላይ ስለተቋጠሩ ነው ነገሩ እንዲህ የከረረው።

ሰዎቹ ከፍለዋል፣ አገልግሎቱን አላገኙም፣ ሰነድ አለ፣ ኃላፊውም ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል። ይሄ የተሟላ ሥራ ነው። አማትሽ ቢያለቅሱም ባልሽ ቢያኮርፍም ከዚያ ላይ አንዲት ቃል አትመልሺ። ዘመድን ለማስደሰት «ተሳስቼ ነው» ብትይ፣ ነገ «ሪፖርተሯ ራሷ ውሸት ነው አለች» ተብሎ ይወራል፤ ወሬ ከፒያሳ ተነስቶ ሰኞ ገበያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ያኔ የሚጎዱት ደረሰኛቸውን ይዘው እስካሁን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። እነሱ አምነውሽ ፊታቸውን ለካሜራ ሰጥተዋል።

ምስሉ ላይ ግን ልቆይ፤ በደሉ ያለው እዚያ ነው። እኔም በዜና ክፍል ውስጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እንዴት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። ካሜራማኑ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ድምፅሽ የሚሸፈንበት ቪዥዋል ይሰበስባል፤ የመሥሪያ ቤቱን ታፔላ፣ ኮሪደሩን፣ ማህተም የሚመታ እጅ፣ ኪቦርድ ላይ የሚሮጥ ጣት፣ በተከፈተ በር የሚታይ ሠራተኛ። ኤዲተሩ ደግሞ የዜናው ሰዓት እየደረሰበት ባዶ የቀረችውን ጥቂት ሰከንድ እጁ ላይ በገባው ምስል ይሞላታል። ማንም ክፉ አላሰበም። ተመልካቹ ግን ድምፁን ለብቻ፣ ምስሉን ለብቻ አያይም። «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ሲነገር ስክሪኑ ላይ የታየው ሰው፣ ለተመልካች ቸልተኛው እሱ ነው። ስክሪፕትሽ ማንንም በስም አልጠራም፤ ምስሉ ግን አንድ ሰው ጠርቶ አቆመ፣ ያውም በነገሩ የሌለበትን ሰው። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው በእረፍት ሰዓቱ ሻይ ቢጠጣ ምን ነውር አለው? በዚያ ዓረፍተ ነገር ስር ሲገባ ግን የሻይ ስኒዋ ሳትቀር ማስረጃ ሆነችበት።

አንቺ በከተማው መታወቅን ፈልገሽና ደክመሽ ያገኘሽው ነው። ያም ሆኖ ሽንኩርት መምረጥ እንኳን ከልክሎሻል። እሱ በማያውቀው፣ ባልፈለገው መንገድ በአንድ ምሽት ታወቀ። አራዳ ላይ ሲሄድ የሚያየው ሰው ምን እያሰበ እንደሚያየው አስቢ። ይህን ካሰብሽ በኋላ «ኤዲት ላይ አልነበርኩም» የሚለውን መከላከያ አታነሺበት። ልጅን ከትምህርት ቤት ማምጣት ጥፋት አይደለም፣ በዚህ ራስሽን አትቅጪ። ግን ዜናው የሚዘጋው በአንቺ ስም ነው። ስክሪፕት ስትጽፊ ከድምፁ ጎን የምስሉ ዓምድ አለልሽ፤ እዚያ ላይ «እዚህ ቦታ የሠራተኛ ፊት እንዳይገባ፣ ወረፋውን ከኋላ፣ ደረሰኙን በቅርብ» ብለሽ ብትጽፊ ኤዲተሩ ሌላ ምስል ይፈልግ ነበር። ከእንግዲህ ቅሬታ ያለበትን ዜና ይህን ሳትጽፊ አታስረክቢ። ስልክ ደውለሽም ቢሆን «ቸልተኝነት በሚለው ላይ ምን ገባ?» ብለሽ ጠይቂ።

ለአለቃሽ ያልነገርሽውን ነገር ዛሬውኑ ንገሪው። በጠዋቱ ስብሰባ «የባሌ ወንድም እዚያ ይሠራል» ማለት ነበረብሽ፤ ምናልባት ሰው ስለሌለ መልሶ አንቺኑ ይልክሽ ነበር፣ ነገር ግን ኤዲቱን ሌላ ዓይን ያየው ነበር፣ ኃላፊነቱም ያንቺ ብቻ ባልሆነ። እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ባለ ከተማ ዘመድ የሌለበት ቢሮ አይገኝም፤ ሪፖርተር ዘመድ ያለበትን ሁሉ ይተው ከተባለ የሚሠራ ዜና አይኖርም። ስለዚህ መናገር የግድ ነው። በቃል ብቻ አታድርጊው፣ አጭር ማስታወሻ ጻፊ። ትፈሪ ይሆናል፣ በግምገማ ያነሱብኛል ትይ ይሆናል። ሊያነሱብሽም ይችላሉ። ቢሆንም ከአንቺ አፍ መስማታቸው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ደርሰውበት «ከዘመዷ ጋር ተጣልታ ነው የሠራችው» ብለው ዜናውን ከማጣጣላቸው በፊት መሆን አለበት። ያ ከመጣ ደግሞ የሰዎቹ ቅሬታ አብሮ ይቀበራል።

በዚያው ማስታወሻ ላይ ሁለተኛ ነገር ጠይቂ። ክሊፑ ከጣቢያው የፌስቡክ ገጽ ወርዶ ያቺ ምስል ተቆርጣ፣ በሌላ ተተክታ እንደገና ይጫን። ይሄ ለአንድ ኤዲተር ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አይደለም። ዱሮ ዜና ተላልፎ አለቀ ይባል ነበር፤ አሁን ገጹ ላይ ተቀምጦ ሰው በየጊዜው ያጋራዋል፣ ለዋርሳሽም በየቀኑ አዲስ ሆኖ ይመጣበታል። ዋርሳሽ ራሱም መብት እንዳለው ይወቅ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በዘገባ ለተነካ ሰው መልስ የመስጠት መብት ሰጥቶታል። በጽሑፍ ለጣቢያው ማቅረብ ይችላል። ካቀረበ አንቺ ከጉዳዩ ውጪ፤ አታርሚለት፣ አትጻፊለት፣ ሌላ ባልደረባ ይያዘው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አማትሽ «ማን ጠቆማት?» ብለዋል። ይህን አትንገሪ። ለእሳቸውም፣ ለባልሽም፣ ለማንም። ያው አዋጅ ጋዜጠኛ የምንጩን ማንነት እንዲጠብቅ መብት ሰጥቶታል፤ እኔ ግን የማስብልሽ ስለ ሕጉ ብቻ አይደለም። የጠቆመሽ ሰው በዚያችው ከተማ ነው የሚኖረው፣ ምናልባትም በዚያው መሥሪያ ቤት። ስሙን ብትሰጪ በእርቅ ስም ሌላ የተዛወረ፣ ሌላ ያኮረፈ ቤተሰብ ትፈጥሪያለሽ።

ይህን ማለት ለአንቺ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ያ የጥቅምት 2014 መጨረሻ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ምን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም፤ ከተሞቹ እስከ ህዳር መጨረሻ ከእጅ ወጥተው ሲቆዩ ልጅሽን በጀርባቸው አዝለው ያተረፉልሽ ሴት ናቸው አሁን አንዲት ነገር የሚጠይቁሽ። ያንን ውለታ ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ቁስሉ የሚነሳው ከዚያ ይመስለኛል። እኚህ ሴት አንቺን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ። አንቺ የወንድ ልጃቸውን ፊት ለሕዝብ መስጠትሽን ያዩት ደግሞ ቡና ከቀረበላቸው ጎረቤቶች ጋር ተቀምጠው ነው። ምን ብለው ቀና ይበሉ? ስኒውን ለማን ያቀብሉ? ያሳፈራቸው ዜናው ብቻ አይመስለኝም፤ ከሁሉም በኋላ መስማታቸው ነው። ውለታቸውን በሌላው ሁሉ ክፈይ፤ በእግርሽ ሂጂ፣ ጓዳ ገብተሽ ሥሪ፣ ልጅቷን አትከልክያቸው፣ ቢታመሙ አስታሚ። በምንጭሽ ስም ግን አይከፈልም።

ሽማግሌ ስለመላክ አልጠየቅሽኝም፣ እንደምታስቢው ግን እገምታለሁ፤ የወሎ ሰው ነሽና። እኔ መጀመሪያ ባይላክ እላለሁ። የአገራችን ሽማግሌ የታወቀ ነው፣ ያስታርቃል፤ ግን በዚህ ጉዳይ «አንቺም ተይው፣ እሱም ይተወው» ብሎ ዜናውንና ምስሉን አንድ ላይ ጠቅልሎ ያስቀብራችኋል። መጀመሪያ ራስሽ ሂጂ። በር ከተዘጋብሽ ያኔ ሽማግሌ አለ።

ወደ አማትሽ ከመሄድሽ በፊት ግን ወደ ዋርሳሽ ሂጂ። የተበደለው እሱ ነው። ሻይ ቤት አትቅጠሪው፤ አንቺን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ቤቱ ሂጂ፣ ብቻሽን። እንዲህ በይው፦ «ወንድሜ፣ ያን ዜና የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹ ያሉት እውነት ነው፣ ከዚያ አልመለስም። ያንተ ፊት ግን እዚያ መግባት አልነበረበትም፤ አንተ በነገሩ የለህበትም። ቀድሜ ላየው ሲገባኝ አላየሁትም። ለአለቃዬ ነግሬያለሁ፣ ምስሉ እንዲወርድም ጠይቄያለሁ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እውነት አድርገሽ ሂጂ፤ ቃል ብቻ ይዘሽ አትሂጂበት። ከዚያ ዝም በይ። ይቆጣ። ሊሰድብሽም ይችላል። «አንተም እኮ» የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። «ወደ ቦታዬ አስመልሺኝ» ካለሽ ግን አትችይም፤ ወደ ኃላፊው ደውለሽ እንዳትለምኚለት። የዘገብሽበትን ኃላፊ ለዘመድሽ ውለታ ከጠየቅሽ፣ በሚቀጥለው ዜና ማይክ ፊቱ ላይ መያዝ አትችይም። ስህተቱ በጽሑፍ ከጣቢያው ሲወጣለት እሱ ራሱ ይዞት ይከራከር።

አማትሽ ዘንድ እሑድ ቀን ሂጂ፣ ልጅቷን ይዘሽ። ባልሽን ግን እንዲናገርልሽ አታስገድጂው። ቡናው እስኪፈላ ጠብቂ፣ አቦሉን ጠጪ፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት ተነጋገሩ። ስለ ነገሩ ስትጀምሪ ባጭሩ ይሁን። «እማማ፣ ከቴሌቪዥን እንዲሰሙት ማድረጌ አጥፍቻለሁ። የእሱ ፊት መታየቱም የእኔ ጥፋት ነው፣ እሱንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የነገረኝን ሰው ግን አምኖኝ ስለሆነ አልናገርም፤ እርስዎ የነገሩኝን ምስጢር ለሌላ ብናገር ደስ ይልዎታል?» ይህን ጥያቄ ጠይቂያቸው። ሰው አደራ ሲባል ምን እንደሆነ እንደሳቸው ያለ ሰው አይጠፋውም። በዚያ ቀን ፊታቸው ላይፈታ ይችላል። በረካውን ሳትጠጪ እንዳትነሺ ብቻ።

ስለ ባልሽ። ወደ ጓሮ የሚወጣው ስለጠላሽ አይመስለኝም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ቁልቁለት በየጠዋቱ የሚወርደው አንቺንም ወንድሙንም ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ነው። ሚኒባስ ውስጥ ክሊፑን ስልክ ላይ ከፍተው «ወንድምህ አይደለም እንዴ?» የሚሉት አይጠፉም። ፋብሪካ ሲገባም እንዲሁ። ማታ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ድምፅ ሲሰማ ይነሳል። «ከማን ጋር ነህ?» ብለሽ እንዳትጠይቂው፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የለውም፣ ሁለታችሁም የእሱ ናችሁ። «መንገድ ላይ ምን ይሉሃል?» ብለሽ ጠይቂው። ምናልባት እስካሁን ማንም አልጠየቀውም። እሱ ሲናገር አንቺ ዜናውን አታስረጂው፣ ስለ ሚዛናዊነት አታስተምሪው። ከዚያ በፊት ግን ለአለቃሽ የጻፍሽውን ማስታወሻ ሳታስገቢው ለእሱ አስነብቢው። ስክሪፕትሽን የሚያነብ ሰው ነበር ብለሽኛል፤ ይህንንም ያንብበው፣ ካልተስማማ ይሙገትሽ።

የገበያው ማመልከቻ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ቤትሽ ድረስ የሚመጣ ጣጣ እንዳይሆን መንገድ አብጂለት። ኦሪጅናል ሰነድ በፍጹም አትቀበዪ፤ ቢጠፋ ተጠያቂ አንቺ ነሽ። የቢሮውን ስልክና ሰው የምትቀበሉበትን ቀን ንገሪያቸው፣ በትህትና፤ ያ ሰው ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው ሽንኩርት ተራ ድረስ የተከተለሽ። ባልሽም ፋብሪካ ውስጥ ወረቀት አይቀበልልሽ። አንድ ጊዜ ከተቀበለ ቤታችሁ የቅሬታ ሰሚ ቢሮ ይሆናል፣ ሳይዘገብ የቀረ ሰው ሁሉ ደግሞ እሱን ይወቅሳል።

የአዲስ አበባው ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጅቷን ትምህርት ቤትና የባልሽን ሥራ አስቀምጣችሁ ሁለታችሁ መክራችሁ የምትወስኑት ነው፤ ይህን እኔ ልወስንልሽ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። አሁን ብትሄጂ በከተማው የሚቀረው «አዋርዳው ሄደች» የሚል ወሬ ነው፣ ዋርሳሽም ክሊፑን ይዞ እዚያው ይቀራል። ለጣቢያው ደውለሽ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቂ፤ የሚፈልጉሽ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ይታገሣሉ። ማስታወሻው ይግባ፣ ምስሉ ይውረድ፣ ዋርሳሽንና እማማን አነጋግሪ። ከዚያ በኋላም መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ለእማማም ከመሄድሽ በፊት አንቺው ንገሪያቸው።